ከበሩ ዞር በሉ

እህቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። ተሳፋሪዎቿ «አይበገሬ» ይሏታል፤ ስድብም ነው፣ ሙገሳም ነው። አንድ አለቃ «ይሄ መስመር ለሴት ይከብዳል» ቢላት ቁልፉን ከእጁ ነጥቃ ወጣች። እኔ በዚያው አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆራጭ ነኝ፤ ስለዚህ ቤትም ሥራ ላይም የምታዘዘው ለሷው ነው። የአውቶቡሳችን የኋላ በር ወደ ውስጥ ነው የሚከፈተው። ሰው ተደግፎት ከቆመ ንቅንቅ አይልም። ያኔ እህቴ መሪዋን እንደያዘች «ከበሩ ዞር በሉ!» ትላለች። ትልቅ ትንሹ ዞር ይላል።

ጉንፋን ነው ብለን ስንንቀው ለካ ልቧ ውስጥ ገብቷል። አውቶቡሱን ዳር አስይዛ፣ የእጅ ፍሬን ከሳበች በኋላ ነው የወደቀችው። መውደቅ እንኳ በሥርዓት!

ሆስፒታል ውስጥ ደሟን እየሳበ፣ አየር እየሰጠ፣ መልሶ የሚገፋላት ማሽን ላይ ተኛች። የእናታችን ወንድም፣ የቤቱ ታላቅ፣ ዶክተሯን ባዩ ቁጥር «የማሽኑን ኃይል ጨምሩላት!» ይላሉ። እኔም ከኋላቸው «ጨምሩላት!» እላለሁ። ሲበዛ የሚያድን መስሎን ነበር።

አንድ ጠዋት ዶክተሯ ኮሪደር ላይ አስቆመችን።

«ማሽኑ ሰውነቷን ይዞላታል። ግን የሚገፋው ደም ልቧ መውጫ በር ላይ እየተጫነ ነው። ልቧ ደክማለች፤ በሩን መክፈት አቃታት። ደም ተጠራቅሞባት እያበጠች ነው፤ ሳንባዋም ውሃ መያዝ ጀምሯል። ቀጭን ቱቦ በእግሯ የደም ሥር አስገብተን ልቧ ድረስ ብናደርስ፣ የተጠራቀመውን ስቦ ያወጣላታል። አደጋ አለው። ካልቀለላት ግን ልቧ አትመለስም።»

አጎታችን ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ይብቃት! ወንፊት አደረጋችኋት እኮ። በሰላም ትረፍ።»

ደሜ ፈላ። አጎታችን ሲናገሩ አቋርጬ አላውቅም፤ ያን ቀን አቋረጥኩ።

«አይበቃትም፣ ጋሼ! ተሸንፋ አይደለም፤ በሩ ላይ ተደግፈንባት ነው። ‹ጨምሩ፣ ጨምሩ› ስንል የነበርነው እኛ ነን!»

«ማን ላይ ነው የምትጮኺው?»

«እርስዎ ላይ! እሷ ብትሆን ከዚህ አብልጣ ትጮህ ነበር።»

 እሳቸውም በአውቶቡሳችን ሲሳፈሩ ያንን የኋላ በር ተደግፈው ስንቴ ተጮኾባቸዋል! «በሩ ላይ ነው ያልሽኝ?» አሉ።

«በሩ ላይ።»

ወደ ዶክተሯ ዞረው «አስገቡላት» አሉ።

ቱቦው ገባ። ማሽኑ ሥራውን ቀጠለ፤ ልቧ ግን ሸክሟ ቀለላት። ከቀናት በኋላ፣ ስክሪኑ ላይ የልቧን ግፊት የሚያሳየው፣ ዝርግ ብሎ የከረመው መስመር ጉብ አለ፤ ደግሞ ጉብ አለ። «ልቧ በሩን መክፈት ጀመረች» አለች ዶክተሯ። በሰው ፊት አለቀስኩ፤ አላፈርኩም።

ማሽኑም ቱቦውም ተነቅሎላት ስትነቃ፣ ሁላችንም በአንዴ እንግባ ብለን የክፍሏ በር ላይ ተጣበብን፤ አጎታችን ከፊት። ነርሷ መድኃኒት ይዛ ማለፍ አቃታት። እህቴ ዓይኗን ገለጠች። ድምጿ ሻክሯል፤ ግን የራሷ ነው።

«ከበሩ ዞር በሉ!»

ከሁላችንም ቀድመው አጎታችን ዞር አሉ።