ከ7510 ያልተቀነሰው አንድ

ባለፈው መስከረም አንድ፣ እዚህ አዲስ አበባ፣ ካህኑ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ሲያውጁ ዓመተ ዓለሙን ለአሥራ ዘጠኝ ሲያካፍሉ ሰማሁና ደሜ ፈላ። ሕዝቡ እልል ሲል እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ። ሰው በቁጥር ቂም ይይዛል? እኔ ይዣለሁ፤ ቁጥሩም 7510 ነው።

2010 ዓ.ም. ሲገባ ጁባ ነበርኩ፤ ጎረምሳ የሕንጻ መሐንዲስ። ጋሽ አሥራት የሚባሉ ያገሬ ሰው ካቶር ሰፈር ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ ነበራቸው። የእህታቸውን ልጅ ትዕግሥትን ላገባ ሽማግሌ ልኬ እሺ ተብዬ፣ ቀን መቁረጥ ብቻ ቀርቶ ነበር። ጋሽ አሥራት በልጅነታቸው ድቁና ስለተማሩ ባሕረ ሐሳቡን በየዓመቱ ራሳቸው ያሰላሉ። ግድግዳቸው ላይ ካሌንደር አይሰቀልም፤ ማንንም ደውለው አይጠይቁም። ከእሳቸው ወዲያ አዋቂ የት ተገኝቶ!

የበዓሉ ዕለት ዝናቡ መንገዱን አጭቅይቶት፣ በረንዳው ላይ ተጣበን ሎሚ የተጨመቀበት የዓባይ ዓሣ ጥብስ እንበላለን። ጋሽ አሥራት ተነሡና በአምስት ሺህ አምስት መቶ ላይ ሁለት ሺህ አሥርን ደመሩ። 7510ን ለአራት ሲያካፍሉት ሁለት ተረፈ፤ ዘመነ ማርቆስ ነው አሉ፤ ተጨበጨበላቸው። ለአሥራ ዘጠኝ ሲያካፍሉት አምስት ተረፈ። ከዚያም ዐቢይ ጾም የካቲት ሃያ ስድስት እንደሚገባ፣ ሠርጋችንም የካቲት አሥራ ስምንት እሁድ እንደሚሆን ተናገሩ።

እኔ ደግሞ ቁጥር ካየሁ አላስቀምጠውም። 7510 ለአሥር ሲካፈል 751 ይወጣል፤ 751 ግን ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም እጅ አይሰጥም፤ ቁርጥ ጋሽ አሥራትን። ከተረፈው አምስት ላይ አንድ መቀነስ ነበረበት፤ የያዝነው ዓመት ገና ስላላለቀ አይቆጠርም። አራት ተብሎ ሲሰላ ጾሙ የካቲት አምስት ይገባል። ታዲያ በሁዳዴ የትኛው ካህን ሊያጋባን ነው?

ይህንኑ በትሕትና ነገርኳቸው። ትዕግሥት ከጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

"አንተ ሲሚንቶህን ለካ" አሉኝ ጋሽ አሥራት።

"እኔን አይመኑኝ፤ አዲስ አበባ ደውለው ይጠይቁ።"

የሚበላው ሁሉ እጁን ሰበሰበ። ጋሽ አሥራት ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና ወደ ትዕግሥት ዞሩ። "ከላስ፤ አበቃ። በገዛ ቤቴ የሚያርመኝ አማች አልፈልግም።"

ማታውኑ መደወላቸውን፣ የእኔ ስሌት ልክ መሆኑም እንደተነገራቸው በኋላ ሰማሁ። ሽማግሌዎቼን ግን ከበር መለሷቸው። ትዕግሥትም ባገኘኋት ጊዜ "አጎቴን በሰው ፊት ከምታዋርድ ለብቻቸው ብትነግራቸው ምን ነበረበት?" ብላኝ ሄደች። እሷንም ጠላኋት፤ ለጥቂት ቀን።

ጥር ሃያ እሁድ ጁባ ታውን ሰፈር ለሚነግድ ሰው ዳሯት። በማግስቱ ጾመ ነነዌ ገባ። ዕለቱን ያለ ስሕተት ነው የመረጡት፤ አንዱን ቀንሰው።

ዛሬ ጸጉሬ ሸበት ጣል አድርጎበታል፤ ትዳርም ልጆችም አሉኝ። ስለ እርማቴ ማንንም ይቅርታ አልጠይቅም፤ ልክ ነበርኩ። እስከ አሁን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ በእኔ ስሌት በተቆረጠ ቀን ሌላ ሰው አገባት።