ድንጋይ የጨበጠችው ወፍ

እህቴ ከጅዳ የላከችው ትሪ መካነ ሰላም የደረሰው የእናቴ የማርያም ማኅበር ተራ ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። እናቴ ዳቦውን በእሱ ላቀርብ አለች። ልጇ ሰው ቤት ሠርታ የላከችው ነዋ፤ ሰፈሩ ይይላት።

ትሪው ግን ደስ አይልም ነበር። ዙሪያውን ሐረግ ተቀርጾበታል፤ ከሐረጉ ውስጥ ጢማቸው ቅጠል የሆነ ሰዎች ያፈጣሉ። መሐሉ ላይ ረጅም እግር ያላት ወፍ በአንድ እግሯ ቆማ በሌላው ድንጋይ ጨብጣለች። የማኅበሩ አንጋፋ፣ ጎረቤታችን አሮጊቷ፣ አገላብጠው አዩትና መተት ነው አሉ፤ ልጅቷን አስረው ያስቀሩበት ይሆናል። እህቴ ሁለት ዓመት ሙሉ መጣሁ እያለች ቀርታ ስለነበር የእናቴ ፊት ጠቆረ። እኔም አልዋሽም፣ ትሪውን በፊቱ ደፍቼ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ ወፏን ደብተሬ ላይ ስዬ ለታሪክ መምህራችን አሳየሁት። ድሮ ጣሊያን አገር ቀራጺዎች እንዲህ ያለ ንድፍ በወረቀት እያተሙ ለአንጥረኞች ይሸጡ ነበር አለኝ፤ እነሱ ደግሞ ማንኪያውም ሳህኑም ላይ ይቀርጹታል። ወፏ ዘብ ናት፤ እንቅልፍ ከጣላት ድንጋዩ ያመልጣትና ትነቃለች። አላመንኩትም። መምህር "አላውቅም" ሲል ሰምቼ አላውቅም። ካንድ አሮጌ መጽሐፍ ያችኑ ወፍ አውጥቶ ሲያሳየኝ ነው ያመንኩት።

ለእናቴ ስነግራት "ዘብ ከሆነችማ ትቅረብ" አለች።

የማኅበሩ ዕለት ዳቦው ተባርኮ ተቆረሰና ትሪውን ይዤ ዞርኩ። ሴቶቹ ከዳር ከዳሩ አነሱ፤ ወፏን የሸፈነውን ቁራሽ ግን ማንም አልነካም። ደግሜ ዞርኩ። የማርያም ቁራሽ ተፈርቶ ሲቀር ለባለተራዋ ነውር ነው፤ እናቴ ጋኑን ተደግፋ መሬት መሬት ታያለች።

"ወላሂ ጠግቤ ነው" አሉ አሮጊቷ። ጠላው እንኳ ገና አልተቀዳም።

ቁራሹን አንስቼ ፊታቸው ቆሜ በላሁት። ወፏ ከነድንጋይዋ ብቅ አለች።

"እትዬ፣ ይቺ የምትጠብቀው ማን እንዳልበላ ነው" አልኳቸው።

አንዷ ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሉ። አሮጊቷ አልሳቁም።

እናቴ አልተቆጣችኝም። ሰዉ ሲበተን ትሪውን አጥባ ከበሩ ትይዩ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

"ልጄ እስክትገባ አይወርድም" አለች።

እኔ በበሩ በገባሁ ቁጥር የወፏን እግር አያለሁ። ድንጋዩ እስካሁን አለ።