ሲሞቅ የሚነሳው ድንጋይ

የድንጋይ ሙዚየሙ ሽማግሌ ጥበቃ፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ከትልቁ ግራጫ ድንጋይ አጠገብ ይቀመጣሉ። ጎብኚ ካሜራውን አውጥቶ «ማንሳት ይቻላል?» ሲላቸው፣ «አንተ ፎቶህን አንሳ፤ ድንጋዩ እንደሆነ ራሱ ይነሳል» ይላሉ። አስጎብኚዋ በየቀኑ የምትለውን በቃላቸው ይዘውታል፦ ከተራሮች ሥር፣ ጥልቁ ውስጥ ሳለ ሙቀት አለሰለሰው፤ ከላዩ ከተጫነው ዐለት ስለቀለለ እንደ ጉልላት አብጦ ተነሳ።

ዛሬ ጠዋት ድንጋዩን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ሙቅ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ከሥሩ ሲሸጉጡ አስጎብኚዋ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ላስነሳው ነዋ!»

«ለመነሳት እኮ ሚሊዮን ዓመታት ነው የፈጀበት!»

ፊታቸው በራ።

«እሰይ! ባለቤቴማ ታማ አልጋ ላይ ከዋለች ገና ስድስት ዓመቷ ነው።»