የሸዋዬ ጓሮ ቤት በሸንጎ ፊት

ለሰፊው የአዋሳ ሕዝብ! ለነቃውም፣ ለተደራጀውም፣ ገና ላንቀላፋውም! የምሥራቅ ሰፈሯ ጠጠር ጣይ ወይዘሮ ሸዋዬ፣ ቁመቷ ከበር መቀርቀሪያ የማያልፍ፣ የጓሮ ቤቷን ከአብዮቱ መንጋጋ ፈልቅቃ ማውጣቷ በዚህ ጽሑፍ ታውጇል።

የትርፍ ቤት አዋጅ በወጣ በዓመቱ የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ኃይሌ ዓይኑን በዚያች ባለ አንድ ክፍል ቤት ላይ ጣለ። ጓድ ኃይሌ ድሮ ኃይለጊዮርጊስ ነበር፤ አብዮቱ ሲፈነዳ ጊዮርጊስን ቆርጦ ጣለውና ቀለለው። አዋጁ ለአንድ ሰው አንድ መኖሪያ ይፈቅዳል፣ ሲጨመር አንድ የሥራ ቤት። ሸዋዬ በፊት ለፊቱ ቤት ትኖራለች፣ በጓሮው ጠጠር እየጣለች የሰው ዕድል ትናገራለች። ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ሥራ አልሠራበትም ካለች ቤቱ ትርፍ ነውና ይወረሳል። ጠጠር እጥልበታለሁ ካለች ደግሞ ሕዝብ የምታደነዝዝ አድሃሪ ናትና ቤቱም እሷም ይወሰዳሉ። እንዲህ ያለ ድግምት ከየትኛውም ደብተራ አይወጣም። በአንድ ማኅተም የሰውን ቤት የሕዝብ የሚያደርግ ጠንቋይ ካልተባለ፣ ማን ሊባል ነው?

ቤቱን እንዲያጣሩ የተላኩት አብዮት ጠባቂዎች ከደጃፉ መመለሳቸውን፣ ጉዳዩ ለቀረበለት ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ተናገሩ። ጠመንጃስ ይዘዋል፤ መጋረጃውን የሚገልጥ ወንድ ግን ጠፋ። ሸዋዬም ስትጠየቅ ሠርታ የምትበላበት ቤት መሆኑን ብቻ ተናገረች። ምን ሥራ ሲሏት፣ የገባ ሰው ይመስክር አለች።

ካድሬና ወተት ከፈላ ክዳን አይመልሰውም። በሸንጎው ከሁለቱ ዳኞች መሐል የተቀመጠው ጓድ ኃይሌ ብድግ አለ።

“የምን የሥራ ቤት ነው? ከመጋረጃው ኋላ አንድ በርጩማና አንድ የጠጠር ሰፌድ እንጂ ምን አለ?”

ሸዋዬ ነጠላዋን አስተካከለች።

“የበርጩማውን እግር መሰንጠቅስ ለምን ትተወዋለህ፣ ኃይለጊዮርጊስ ልጄ? የተሰነጠቀው ሊቀ መንበር እሆን ይሆን ብለህ የመጣህ ዕለት እኮ ነው። ትሆናለህ ስልህ ዘለህ ተነሣህና መልሰህ ዘፍ አልክበት።”

ማንም አልሳቀም። መሳቅ በርጩማውን አውቀዋለሁ ማለት ነበርና። ሁለቱ ዳኞች የገዛ ጫማቸውን እንደ አዲስ መመርመር ያዙ። ጠንቋይ ናት ብለው ቢፈርዱ፣ ለማን ጠነቆለች የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ ጥያቄው ደግሞ ከሊቀ መንበሩ ጀምሮ ወንበር ለወንበር ይዞራል። ስለዚህ ለአብዮቱ ታማኝ መሆናቸውን አስቀድመው ገልጸው፣ የጓድ ኃይሌን ቃል ለቁጥጥር ገብቶ እንዳየ ሰው ምስክርነት ቆጠሩት። ቤቱ የሥራ ቤት ነው ተባለ። የሥራው ዓይነት ግን ለአብዮቱ ደኅንነት ሲባል እንዳይጠየቅ ተወሰነ። ጓድ ኃይሌም እጁን አውጥቶ ደገፈ፤ ምን ምርጫ አለው?

ሸዋዬ ከሸንጎው ቀጥታ ወደ ሥራዋ ገባች። ደንበኛው ሳይጎድል፣ ያ በርጩማ እስከ ዛሬ እግሩን የሚጠግንለት አጥቷል። አንባቢ ሆይ፣ መጋረጃው በየት በኩል እንደሚገለጥ የምታውቅ ከሆነ፣ እባክህ መዶሻና ምስማር ያዝና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየህ፣ በፊት ለፊቱ በር ግባና እግሩን ጠግንለት።