ትሬብሉ ስምንት ላይ

የጊታሬ ድምፅ ማጉያ፣ አምፑ ላይ ነጭ ፕላስተር ለጥፌበት ነበር። ከየማዞሪያው በላይ በእርሳስ ትንሽ ጭረት አደርጋለሁ፤ ባለፈው ልምምድ ድምፁን የሚያሻክረው ጌይን የት እንደነበር፣ ወፍራሙ ቤዝ የት፣ መካከለኛው ሚድ የት እንደነበር እንዳይጠፋብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። የሌሎቹ ማዞሪያዎች ጭረቶች እዚያው እዚያው ናቸው። የቀጭኑ ድምፅ ማዞሪያ፣ ትሬብሉ ግን ኅዳር ላይ አምስት የነበረው፣ ታኅሣሥ ላይ ስድስት ተኩል፣ ጥር ላይ ስምንት ገባ።

ሊሆን የሚችለው ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ክፍሉ ድምፁን እየበላብኝ ነው፣ ወይ ጆሮዬ እየሄደ ነው።

ክፍሉ የምለው መጋዘን ነው። ጅማ አጠገብ ሰቃ ውስጥ፣ የድራመራችን አባት ቡና የሚያከማቹበት መጋዘን። ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እስከ ዐስር ሶላት ድረስ እንድንለማመድበት ፈቅደውልናል። ፈቀዱ ስል በግልጽ አይደለም። ሐጂ ናቸው፣ ሙዚቃ አይወዱም፣ «እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም፤ ብቻ አዛን ሲል ድምፃችሁን እንዳልሰማ» ብለው ቁልፉን ለልጃቸው ወርውረው ሄዱ። ሦስት ነን። እሱ ድራም ይመታል፣ እኔ ጊታር፣ ቤዝ የምትጫወተውና የምትዘፍነው ደግሞ ጅማ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ የምታስተምር ጓደኛችን ናት። ሰርግ ላይ ስንጫወት ያደግን ሰዎች ነን። ሃርድ ሮክ ለራሳችን ብለን የያዝነው ነገር ነው።

ሰው ሃርድ ሮክ ሲባል ጌይኑን እስከ ጥግ ማዞር ይመስለዋል። እኔም ድሮ እንደዛ ነበርኩ፤ ንብ ቀፎ ውስጥ የገባህ ይመስልሃል እንጂ ዜማው አይለይም። የአሁኑ ዘመን ድምፅ ሌላ ነው። ጌይኑን ቀነስ፣ ሚዱን ከፍ፣ ቤዙን ጠበቅ። ወፍራሙን ክር በመዳፍህ አፍነህ ስትመታው «ጅክ» ብሎ ወዲያው ዝም ማለት አለበት፤ መጎተት የለም። ከላይ ደግሞ ትንሽ ስለት ይፈልጋል። ስለት ከሌለው ጊታሩ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው። እኔ ያጣሁት ስለቱን ነበር። ባዞርኩ ቁጥር ይመጣል ስል አይመጣም፤ ደግሞ አዞራለሁ።

መጽናኛዬ ጆንያው ነበር። ጊዜው የቡና ጊዜ ነው። ኅዳር ላይ መጋዘኑ ግማሽ ነበር። በየሳምንቱ ጀንፈል፣ ማለትም ከነልጣጩ የደረቀው ቡና፣ በጆንያ በጆንያ እየገባ ግድግዳውን ሸፈነ፤ ጥር ላይ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ጆንያ ደግሞ ድምፅ ይውጣል፣ በተለይ ቀጭኑን። ስለዚህ ጆንያው በጨመረ ቁጥር ትሬብሉ ቢጨምር ምን ይገርማል? ለሁለቱም ያልኳቸው ይህንኑ ነው። የፊዚክስ አስተማሪዋ ራሷ «አዎ፣ ልክ ነው» አለችኝ። ሌሊቱን በደንብ ተኛሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ዘፈኑ መሀል ላይ ቤዟን ለቃ፣ አይኗን ጨፍና ጣቷን ጆሮዋ ውስጥ ስትከት አየኋት።

«ምነው?» አልኳት።

«ኧረ በናትህ ትንሽ ቀንሰው። ጥርሴን እየበሳኝ ነው።»

«ጆንያው ነው እኮ…»

«ጆንያውማ ጆንያው ነው። እኔም እዚሁ ጆንያው መሀል ነው የቆምኩት!»

ድራመሩ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በባንዱ ውስጥ ድምፅ የማስተካክለው እኔ ነበርኩ። ቤዟ ከፍ ዝቅ ስትል የምሰማው እኔ፣ የድራሙ ቆዳ ሲላላ ቀድሜ የማውቀው እኔ። «እሱን ጠይቁት፣ ጆሮ አለው» እየተባለልኝ ነው የኖርኩት። ይህ ከሄደ እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?

ሥራዬ እዚያው ሰቃ፣ የደረቀው ቡና የሚፈለፈልበት መቀሸሪያ ነው፤ መካኒክ ነኝ። ማሽኑ ሲነሳ አጠገብህ ያለ ሰው ቢጮህ አፉ ሲከፈት ነው የምታየው። ሠራተኛው ሁሉ ጆሮው ውስጥ ጥጥ ይወትፋል። እኔ አንድ ቀን ወትፌ አላውቅም። ለምን ቢባል በኩራት ነው። የመካኒክ ሙያው ማዳመጥ ነው፤ ብረቱ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ሊበላ ሲል ገና ሳይሰበር ድምፁ ይለወጣል። የካቻቢቴውን ጫፍ ማሽኑ ላይ ትተክላለህ፣ እጀታውን ጆሮህ ሥር አጥንቱ ላይ ትደግፋለህ፣ የብረቱ ወሬ በሙሉ ይመጣልሃል። አለቃችን እንግዳ ሲመጣ «ይሄ ልጅ ማሽን በጆሮው ያክማል» ይላል። ታዲያ ጥጥ ወትፌ ምኑን ላክም? አሥራ አንድ ዓመት እንደዚሁ ሠራሁ።

ፍርሃቱ ሲብስብኝ ካቻቢቴውን አነሳ ነበር። እተክላለሁ፣ አዳምጣለሁ፣ ኩሽኔታው «ግር ግር» ይለኛል። ይኸው እሰማለሁ እኮ፣ ደህና ነኝ እላለሁ። በአጥንት የሚገባው ወፍራሙ ድምፅ እንደሆነ፣ የጎደለኝ ደግሞ ቀጭኑ እንደሆነ ለራሴ መንገር አልፈለግኩም።

ቤቴ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ነው። አንድ እሁድ ጠዋት ባለቤቴ «የጓዳውን በር ዘይት አድርግበት ብዬህ አልነበር? ሲጥ ሲጥ እያለ አንገበገበኝ» አለችኝ።

ሄጄ ከፈትኩት። ዘጋሁት። ምንም የለም።

«የትኛው በር?»

«አንተ ደግሞ! አትሹፍብኝ። ሦስተኛ ቀኔ ነው ስነግርህ።»

እንደገና ከፈትኩት። በሩ እንደ ቅቤ ነው የሚሄደው። ዞር ስል ፊቷን አጨማዳ አየኋት። ያኔ ገባኝ፣ እየጮኸ ነው። ዘይቱን አመጣሁ፣ ማጠፊያውን አጠጣሁት፣ ከዚያ በጣም አስቂኝ ነገር አደረግኩ፤ በሩን እየከፈትኩ የሷን ፊት አያለሁ። ፊቷ ሲፈታ አቆምኩ። «አሁንስ?» አልኳት። «ተገላገልኩ» አለች። መካኒክ ነኝ እንግዲህ። የቤቴን በር በሚስቴ ፊት ጠገንኩ።

አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም። ሐኪም ቤት ሄጄ ምን ልባል? እዚያ ከሄድኩ ነገሩ ስም ሊወጣለት ነው። ሳልሄድ ግን ጆንያው ነው፣ መብራቱ አቅም አንሶት ነው፣ ጉንፋን ይዞኝ ነው። ለሁሉም ምክንያት አለ።

የጭንቀቱ ቀን የተቆረጠው በዚህ መሀል ነው። ጅማ አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ እሁድ ከሰዓት፣ ባንዶች ሁሉ የሚቀርቡበት ዝግጅት ተገኘ። ሦስት ዘፈን። የራሳችን ዘፈኖች፣ በሰው ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። ከዚያው ሳምንት ደግሞ ሐጂ የቡናው ዋጋ ተስተካክሏል ብለው መጋዘኑን ሊያስጭኑ ወሰኑ፤ ቅዳሜ ጠዋት። ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ መጋዘን ውስጥ ነው የመጨረሻ ልምምዳችን።

ሳምንቱን እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ጆንያው ሲወጣ ስለቱ ከመጣልኝ ድኛለሁ። ካልመጣ ደግሞ ሰበቤ ሁሉ በመኪና ተጭኖ ሄዷል ማለት ነው። ሐሙስ ዕለት ሚኒባስ ውስጥ ወራጅ አለ ማለት ረስቼ ሁለት ፌርማታ አለፍኩ።

ቅዳሜ ስደርስ መኪናው የመጨረሻዎቹን ጆንያዎች ጭኖ ሸራ እየተጎተተበት ነው። መጋዘኑ ባዶ። እግሬ ሲሚንቶው ላይ ሲያርፍ ይደግማል። አምፑን ከፈትኩ፣ ሁሉም እንደነበረ፣ ትሬብሉ ስምንት ላይ። ከመምታቴ በፊት እጄን ጃኬቴ ላይ ጠረግኩት።

ሳልመታ ሐጂ ብቅ አሉ። መጋዘኑ በደንብ መጠረጉን ሊያዩ ነው የመጡት። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። በሩ ላይ ቆሙና አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«ማል ታኤ? ምንድነው ሽሽሽ የሚለው?»

ማንም ሳይመልስላቸው ወደ ውጭ ዞሩ። «ሾፌር! ኮቱ፣ ና ወዲህ! ጎማህ እየተነፈሰ ነው!»

ሾፌሩ ወርዶ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ረገጠ። «ደህና ናቸው ሐጂ።»

«ወላሂ ይተነፍሳል! ይኸው እየሰማሁት!»

ድምፁን እየተከተሉ ተመልሰው ገቡ። ምርኩዛቸውን እየተመረኮዙ፣ ቀጥ ብለው እኔ ጋ መጡና አምፑ ላይ ጎንበስ አሉ። «ከዚህ ነው። እባብ አስገብታችኋል እንዴ?»

ድራመሩ ከት ብሎ ሳቀ። «አባ፣ ይሄ የማሽኑ ነው። ትሬብሉ ስለበዛ ሽሽ ይላል።»

«ታዲያ ይሄን ታግሣችሁ ነው የምትቆሙት? ጤነኛ ናችሁ?» አሉና ወደኔ ዞሩ። «አንተስ ልጄ፣ አይረብሽህም?»

አምፑ ፊት ለፊት ነው የቆምኩት፤ አንድ ክንድ አይርቅም። ምንም አይሰማኝም። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰውዬ ከበር የሰሙትን፣ ሾፌሩ እንኳን አሁን በር ላይ ቆሞ እየሳቀበት ያለውን፣ እኔ አልሰማሁትም።

«ይረብሻል እንጂ ሐጂ። እርስዎ እውነትዎን ነው» አልኩ። «ትንሽ ሽሽ ይላል።»

ሐጂ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ወጡ። እኔም ጎንበስ ብዬ የማስተካክል መሰልኩ፤ ትሬብሉን ወደ ሰባት አመጣሁ። ድራመሩ ከመቀመጫው ተነስቶ አምፑን ከኋላ ተደግፎ አየኝ።

«አሁንስ አለ?» አለኝ።

«አዎ፣ አለ። ቀንሷል ግን።»

ወደ ስድስት አዞርኩ። ደግሞ ጠየቀኝ፦ «አሁንስ?»

«ትንሽ ትንሽ» አልኩ።

ቀና ስል አስተማሪዋ አፏን በእጇ ይዛ ነው የምታየኝ። ያኔ ነው የድራመሩ እጅ ከኋላ ማብሪያ ማጥፊያው ላይ መሆኑን ያየሁት። አጥፍቶታል። ሁለቱንም ጊዜ ሲጠይቀኝ ጠፍቶ ነበር።

ቁጭ አልኩ፣ ሲሚንቶው ላይ። አፈርኩ። እንዲህ በቁሜ ተይዤ አላውቅም። ከሐፍረቱ ግን ፍርሃቱ በለጠ። ሦስት ወር ሙሉ በጆንያ ጀርባ ያስቀመጥኩት ነገር መጥቶ ፊት ለፊቴ ቆመ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች።

«አላውቅም።»

«ሐኪም አይቶሃል?»

«አይ።»

«አንተ ጅል!» አለች። እንባ እየመጣባት ነው የሰደበችኝ፤ እኔንም ሊያስለቅሰኝ ምንም አልቀረውም። «ሰኞ እኔ ራሴ ነው የምወስድህ።»

«ነገስ?» አልኩ። «በቃ ሌላ ጊታሪስት ፈልጉ። ሰው ፊት አላዋርዳችሁም።»

ድራመሩ ተቆጣ። «አቦ ተወና! ጣትህ ደህና አይደል? አንተ ምታ፣ እኔ አዞራለሁ።»

እሱ አዞረ፣ እሷ በር ላይ ቆማ አዳመጠች፣ እኔ መታሁ። «ቀንስ፣ ቀንስ፣ ኖ፣ እዚያ ጋ» ትላለች። ትሬብሉ አራት ላይ ቆመ። ለኔ ጊታሩ ሞተ። ወፍራም፣ የታፈነ፣ ጓዳ ውስጥ ሌላ ሰው የሚጫወተው የሚመስል። «ጋሪዳ፣ አሪፍ ነው» አለ ድራመሩ። ፊታቸውን አየሁ። በጓዳው በር ጊዜ እንደ ባለቤቴ፣ ፊታቸው ተፈትቷል።

እሁድ አዳራሹ ውስጥ እጄ ሦስት ጊዜ ወደ ማዞሪያው ሄዶ ነበር። ሁለተኛው ዘፈን ላይ ብቻዬን የምጫወትበት ቦታ አለ፤ እዚያ ጋ ስደርስ ምንም ያልወጣ፣ ሰው ሁሉ ዝም ብሎ የሚያየኝ መሰለኝ። ትንሽ ብቻ፣ አንዲት ነጥብ ብቻ ልጨምር አልኩ። ልጅቷ ማይኩን እንደያዘች በአይኗ ከለከለችኝ። እጄን መለስኩ። የጣቶቼን ቦታ እያየሁ፣ የምመታውን እያስታወስኩ ነው የጨረስኩት። ሰው ሲያጨበጭብ ሰማሁ፤ ጭብጨባው ግን ለድምፁ ይሁን በይሉኝታ አላወቅኩም።

ስንወርድ የሌላ ባንድ ጊታሪስት መጣብኝ። ከኔ የሚያንስ አይደለም፤ ሰርግ ላይ ስንት ዓመት የተያየን ሰው ነው። ስልኩን አውጥቶ የአምፑን ማዞሪያዎች ፎቶ እያነሳ ነው።

«ስማ፣ ይሄን ድምፅ ከየት አመጣኸው? እኔ ስንት ዓመት ስፈልገው! እንዴት ነው ያወጣኸው?»

ያስተካከለው ጓደኛዬ ነው ልለው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«እንዴት ነበር የሚለው?» አልኩት።

«እንዴት ማለት?»

«በአፍህ አድርገው እስቲ። ሁለተኛው ዘፈን ላይ፣ ብቻዬን የተጫወትኩት ጋ።»

የምቀልድ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ጥርሱን ገጥሞ፣ እጁን አየር ላይ ጊታር አድርጎ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በአፉ ተጫወተው። «ጅክ… ጅክ ጅክ… ዚያያያው!» አጠገቡ ቆሜ አፉን እያየሁ ሰማሁት። ቆንጆ ነበር።

«ድገመው» አልኩት።