ለቅሶ ላይ ያገኘኋት ቼክሜት

ቼዝ ስጫወት እጄ ከዓይኔ ይቀድማል። በንግግርም ያው ነኝ፤ አፌ ከልቤ ይቀድማል ይላሉ የሚያውቁኝ። ለማስተማር ተመድቤ ጋምቤላ ከመጣሁ ወዲህ ለዚህ በሽታዬ መድኃኒት የፈለገልኝ አንድ ጎረቤቴ ብቻ ነው። ኩሌ በሚባለው የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ ይሠራል፤ ቅዳሜና እሁድ ወደ ከተማ ይመለሳል። እኔ ደገኛ፣ እሱ ኑዌር፤ በአማርኛ እንግባባለን፣ በቼዝ እንነታረካለን።

አንድ ቅዳሜ ማንጎው ሥር ተቀምጠን ንግሥቴን በነፃ በላብኝ። ጨዋታው አለቀ። ንድድ ብሎኝ ጠጠሮቹን ልበትናቸው ስል እጄን ያዘኝ።

"አትበትን መምህር። የተሸነፍክበት ቦታ ነው ትምህርቱ።"

ጨዋታውን ወደ ኋላ መልሶ የተሳሳትኩበት ላይ አቆመው። እዚህ ጋ ምን ምን ምርጫ ነበረህ? ይሄን ብትጫወት እኔ ምን እመልስ ነበር? ያንንስ ብትጫወት? "እኔ እንጃ" አልኩት። እውነቴን ነው፤ እሱ ምን ሊያስብ ይችላል ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልማድ አደረግነው። እሁድ ሲመሽ ጨዋታው ካላለቀ እንዳለ እንተወዋለን። እሱ ሰኞ ወደ ኩሌ ይሄዳል፤ እኔ ሳምንቱን ሙሉ የሚሻለውን ስፈልግ እከርማለሁ። መጀመሪያ ሰሌዳውን እያየሁ ነበር፤ እየቆየ ግን ጠጠሮቹ ጭንቅላቴ ውስጥ ገቡ። ፈተና ላይ ተማሪ ስጠብቅ አሰላለሁ፣ ባጃጅ ውስጥ አሰላለሁ፣ እራት ላይ አሰላለሁ። "አንተ ሰውዬ፣ ደግሞ ሄድክ?" ትለኛለች ሚስቴ። አልዋሽም፣ ተሻሻልኩ። አንዳንዴ አስተማሪዬንም ማሸነፍ ጀመርኩና አንገቴን ቀና አድርጌ መሄድ አማረኝ።

እንዲህ እያልን ሳለን የጓደኛዬ እናት ሞቱ። ድንበር ማዶ ይኖሩ የነበሩ፣ ጦርነት አፈናቅሎ ኩሌ ያመጣቸው እናት ናቸው። ለመምህራን ሥልጠና ኩሌ በሄድኩ ጊዜ ልጃቸው ቤታቸው ወስዶኝ ከእጃቸው በልቻለሁ።

ለቅሶው እዚህ ከተማ፣ በልጃቸው ቤት ሆነ። ድንኳን ተተከለ፣ የፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ። የቤተ ክርስቲያናቸው ሰዎች በኑዌርኛ ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፤ ቀጥሎ ሰባኪው ተነሥቶ ብዙ ተናገረ። እኔ አንድ ቃል አይገባኝም። በእኛ አገር ቢሆን አልቃሿ የምትለውን ሰምቼ እንባዬ በመጣ ነበር። እዚህ ግን ሙቀቱና የማልሰማው ቋንቋ ብቻ ቀሩኝ፤ ጓደኛዬ ከፊት ለፊቴ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ሐሳቤ ሳላዘው ተነሥቶ ሄደ። የት አትሉኝም? ባለፈው እሁድ ወዳቆምነው ጨዋታ!

ንግሥቴን ንጉሡ አጠገብ ባስቀምጣትስ? ንጉሡ ሊበላት አይችልም፤ ፈረሴ ይጠብቃታል። በሩኩ፣ በግንቡ ጠጠር፣ ይበላታል፤ ሌላ ምርጫ የለውም። ሲበላት ግን የገዛ ሩኩ የንጉሡን መውጫ ይዘጋበታል። ያኔ ፈረሴ ይዘላል፤ በቃ፣ ቼክሜት! ፈገግ አልኩ። ፈገግ ብቻ ብል ምን ነበረበት፤ ጥርሴ እስኪታይ! ቀና ስል ጓደኛዬ እያየኝ ነው።

ምነው ያኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! በሰው እናት ለቅሶ! ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት ያለቀስኩ መሰላትና ጀርባዬን መታ መታ እያደረገች "አይዞህ" አለችኝ። እሷን "እያለቀስኩ አይደለም" ማለት እንኳ አልቻልኩም፤ ማጽናናቷን ተቀብዬ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ጓደኛዬ ለጨዋታ አልመጣም። ቅዳሜ ያልፋል፣ እሁድ ያልፋል። መንገድ ላይ ስንገናኝ "ደህና ነህ መምህር?" ይለኛል፤ እኔም አቀርቅሬ "እግዚአብሔር ይመስገን" ብዬ እሾልካለሁ። ተቀይሞኛል አልኩ። እንዴት አይቀየም? እኔ ብሆን እዚያው በተቀመጠበት ወንበር ነበር የምመታው!

ይቅርታ መጠየቁንም እንደ ቼዝ ያዝኩት። "ሌላ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው" ብለው "ምን?" ይለኛል። ሽማግሌ ብልክ ትንሹ ነገር ይገንናል። ዝም ብል ቂሙ ሥር ይሰዳል። በየትኛውም ብሄድ ተሸነፍኩ። በመጨረሻ ሚስቴ ሰለቻት።

"ሰውየው ጠጠር ነው እንዴ እንዲህ የምታሰላው? ሂድና እውነቱን ንገረው!"

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሄድኩ። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሲያየኝ ደስ ብሎት ተነሣ፣ ወንበር አመጣልኝ።

"እኔ ሐዘን ላይ ስለሆንኩ ነው ጨዋታ የተውኩት" አለኝ፤ "አንተ ግን ለምን ጠፋህ?"

አልተቀየመም! እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። እሱ ራሱ ያስተማረኝ ይህንኑ አልነበር? ግን የያዝኩት ነገር አንቆኝ ስለነበር አፌ ቀደመ። "በድንኳኑ ውስጥ የሳቅኩት..." ብዬ ጀመርኩና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ጨዋታውን፣ ንግሥቷን፣ ቼክሜቷን። "አሳፋሪ ሰው ነኝ፣ ይቅር በለኝ" አልኩት። ተናግሬ ስጨርስ ከላዬ ሸክም የወረደ መሰለኝ። የእሱ ፊት ላይ የነበረው ደስታ ግን ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

"እኔ እናቴን ያስታወስክ መስሎኝ ነበር" አለ።

"እ?"

"ያን ጊዜ ኩሌ፣ እኔና አንተ ሰሌዳው ላይ አፍጥጠን ዝም ስንል፣ ተጣልተው ነው ብላ ልታስታርቀን ተነሣች አይደል? እሱን ያስታወስክ መስሎኝ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ብዙው እኔን ነው የሚያውቀው፤ እሷን አያውቃትም። አንተ ስትስቅ ሳይ፣ አንድ ሰው እናቴን እያሰባት ነው አልኩ። ኩሌ ለብቻዬ ስሆን ያን ሳቅህን እያሰብኩ ነበር የምጽናናው።"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። መልሼ ልውጠው አልችል! "አይ፣ እሳቸውንም አስቤ ነበር" ልለው ቃጣኝ፤ እንኳን እሱ እኔም አላመንኩትም።

ኋላ እሱው አዘነልኝ መሰለኝ፣ ድምፁን አለስልሶ፣

"ለመሆኑ ያገኘሃት ትክክል ነበረች?" አለኝ።

"አዎ፣ ቼክሜት ናት።"

"ጎበዝ" አለኝ። ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።