በጉድጓድ ውስጥ የሚሰግዱት አጎቴ

ከአንኮበር በታች፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ብረት የሚወጣው ቀይ አፈር አለ። እኔና አጎቴ እሱን እየቆፈርን፣ በወናፍ እያቀለጥን ማረሻና ዶማ እንሠራ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ ሲወጣ ሌሎቹ ቀጥቃጮች ተከትለው ሄዱ፤ ሁለታችን ብቻ ቀረን።

ጉድጓዳችን አፉ ጠባብ፣ ታቹ ሰፋ ያለ ነበር፤ ደህናው አፈር የሚገኘው ታች ነውና። ጠዋት አጎቴ ከመውረዳቸው በፊት የበራ ጧፍ በገመድ እናወርዳለን። ብዙ ጊዜ ጧፉ እስከ መሀል ደህና ይሄድና ወለሉ አጠገብ ሲደርስ ድርግም ይላል። ያን ጊዜ ቅጠላማ ቅርንጫፍ አውርደን፣ ጧፉ ወለሉ ላይ እስኪበራ ድረስ ታች የተኛውን ክፉ አየር እናናውጣለን። ከዚያ አጎቴ የቆዳ ጠፍር ወገባቸው ላይ አስረው ይወርዳሉ፤ እኔ አፈሩን በቅርጫት እስባለሁ። ሲቆፍሩ ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ከተቋረጠ ጠፍሩን መሳብ የኔ ፈንታ ነው።

ሁዳዴ ሲገባ ዘፈኑ ቀረ። በሰሞነ ሕማማት በዶማው ምት ልክ «ኪራላይሶን» ይሉ ጀመር፤ እኔም እሱን እየሰማሁ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ቀትር ላይ ድምፃቸው ቆመ። ብጠራቸው ዝም። ጠፍሩን ጎተትኩ።

«እንደ ውሃ እንስራ ትጎትተኛለህ እንዴ!» አሉ ብቅ ሲሉ። ግንባራቸው ላይ ቀይ አፈር ነበር።

«ዝም አሉብኝ እኮ፣ ጋሼ።»

«እየሰገድኩ ነበር።»

«ጉድጓድ ውስጥ?»

«ታዲያ የት ልስገድ? ደብሩ ግቢ ስገባ ሴቱ ሁሉ ‹ቡዳው መጣ› እያለ ልጁን በነጠላው ይሸፍናል። እታች የሚያፈጥብኝ የለም።»

«ጧፉ የሚጠፋው ወለሉ ላይ ነው። ሲሰግዱ ፊትዎን የሚያሳርፉት እዚያው ነው።»

«ጠዋት አልበራም?»

«ጠዋትማ በርቷል።»

«እንግዲያ በቃ። ዳግመኛ ስሰግድ እንዳትስበኝ።»

በማግስቱ ድምፃቸው ሲቆም አንዴ ጠራሁና ሳብኩ። ቁጣቸውን እየጠበቅሁ ነበር፤ ጠፍሩ ግን ከበደኝ። የሚሳበው ሰው በእግሩ ግድግዳውን እየረገጠ ያግዝ ነበር፤ አሁን የሚያግዘኝ የለም። ማዶ ለሚያርሰው ገበሬ ጮህኩ። የሚያርስበት ማረሻ የኛ ሥራ ነው፤ ሲወስደው ግን መሬት ላይ አስቀምጬ ፈቀቅ እስክል ድረስ አይነካውም።

«ዛሬ ደግሞ ማንን በላህ?» አለ እየቀረበ።

«አጎቴ ታች ናቸው። አልመልስ አሉኝ።»

ወደ ጉድጓዱ ዘንበል ብሎ አየ። «ጫፉን ብቻ ነው የምይዘው። እጄን እንዳትነካ።»

«ጫፉን ይያዙልኝ ብቻ!»

ሳብን። አጎቴ አንገታቸው ተንጠልጥሎ፣ ከንፈራቸው አፈር ለብሶ ወጡ። ገበሬው ከያዘው ቅል ውሃ ፊታቸው ላይ ረጨ፤ ሲያቃስቱ ጊዜ ቅሉን ከንፈራቸው ላይ አስጠጋ። ከዚያ መዳፉን በአፈር አሸት አሸት አደረገና ወደ በሬዎቹ ተመለሰ። ቅሉን ግን ትቶልን ሄደ።

ነፍሳቸው ብትመለስም ትንፋሻቸው ጤናውን አላገኘም። ክረምቱን በሳል ገፍተው መስቀል ሳይደርስ ዐረፉ። የቀበርኳቸው ብቻዬን ነው ማለት ይቻላል፤ መቃብር ቆፋሪው ምሶ ፈቀቅ አለ፤ ቄሱም ፍትሐቱን ከሩቅ ቆመው ጨረሱና ሄዱ።

አጎቴ የወደቁበትን ጉድጓድ በድንጋይ ደፈንኩት። ላይ ሆኖ የሚያዳምጠኝ ስለሌለ፣ አሁን አዲስ ጉድጓድ የምቆፍረው ጭንቅላቴ ከአፉ በላይ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። የላዩ አፈር ደካማ ነው፤ ብዙ ከሰል ይበላና ጥቂት ብረት ይሰጣል። ቢሆንም ወደ ታች አልሄድም።

ስቆፍር እዘፍናለሁ። ዘፈኑ የአጎቴ ነው፤ ዜማው ግን ለኔ ድምፅ አይመችም። አንዳንዴ ዶማዬን ተደግፌ ዝም ስል፣ ገበሬው ማዶ በሬዎቹን አቁሞ ወደዚህ ያያል። እጁን አያነሳም፣ አይጠራኝም። ዘፈኑን ከተውኩበት ስቀጥል ጅራፉን ያነሳና ማረሱን ይቀጥላል።